በአንድ ሊትር ቤንዚን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ፦ ቤት ሠራሽ የነዳጅ ቁጠባ መኪኖች እንዴት ይሠራሉ?

እ.ኤ.አ. በ2005 የዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም ቡድን «ፓክ ካር 2» የተባለች ባለ ሦስት ጎማ መኪና ሠርቶ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ላዱ በተባለ የሙከራ ጎዳና ላይ አስሮጣት። መኪናዋ ያለ ነጂዋ 30 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝን ነበር፤ የምትንቀሳቀሰውም በሃይድሮጂን ነው። የፈጀችው ሃይድሮጂን በያዘው ኃይል መጠን ወደ ቤንዚን ተመንዝሮ ሲሰላ በአንድ ሊትር 5,385 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ሆኖ ተገኘና በዓለም ክብረ ወሰንነት ተመዘገበ። ቤንዚን የሚያነዱ፣ በትምህርት ቤት ወርክሾፕና በመኖሪያ ግቢ የሚሠሩ መሰሎቿም እንደ ሠሪዎቻቸው ብቃት በሊትር ከጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ተነሥተው ከሁለትና ከሦስት ሺህ በላይ ይደርሳሉ።

ይህን ቁጥር የሰማ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም መልሱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። እነዚህ መኪኖች ብዙ የሚሄዱት ሞተራቸው ከቤንዚን ውስጥ ሌሎች ሞተሮች ያላገኙትን ኃይል ስለሚያወጣ አይደለም፤ መኪናዋ ራሷ ለመንቀሳቀስ የምትጠይቀው ኃይል እጅግ ጥቂት በመሆኑ ነው። ይህ ነገር በደንብ ከገባን፣ አንድ ሠሪ ገንዘቡንና ጊዜውን በየትኛው ክፍል ላይ ማዋል እንዳለበት፣ የትኛው ልፋት ዋጋ እንዳለውና የትኛው ለዓይን ብቻ እንደሆነ በቀላሉ ይለያል። ለዚህም ጥቂት ስሌት ያስፈልጋል፤ ስሌቱ ግን ከመደመርና ከማካፈል አያልፍም።

ቀላል መኪና በራስ እጅ የመሥራት ልማድ የቆየ ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በፈረንሳይና በእንግሊዝ በሞተር ሳይክልና በመኪና መካከል የሚመደቡ ትንንሽ ተሽከርካሪዎች ተስፋፍተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 በዓለም አቀፍ ደረጃ በወጣው ደንብ መሠረት በዚህ ክፍል የሚመደብ ተሽከርካሪ ክብደቱ ከ350 ኪሎ ግራም፣ የሞተሩ ይዘትም ከ1,100 ሲሲ እንዳይበልጥ ተወስኖ ነበር። የፈረንሳይዋ ቤዴሊያ ከነዚህ አንዷ ስትሆን፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ ይቀመጥባታል፤ የሚነዳትም ከኋላ የተቀመጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ኦስቲን 7ን የመሰሉ ርካሽ ሙሉ መኪኖች ሲመጡ ገበያው ጠፋ፤ አሠራሩ ግን ከነጭራሹ አልተረሳም።

የነዳጅ ቁጠባ ውድድሩ መነሻ ደግሞ አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1939 ኢሊኖይ ውስጥ ዉድ ሪቨር በሚገኘው የሼል ቤተ ሙከራ የሚሠሩ ባለሙያዎች እኩል ነዳጅ ይዞ ማን አብልጦ እንደሚሄድ ተወራረዱ። ያሸነፈው ሰው በሊትር 21 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሄደው፤ ይህን ዛሬ ማንኛውም ደህና የቤት መኪና በአገር አቋራጭ መንገድ ላይ ሊያገኘው ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1973 አንዲት የተሻሻለች ፊያት 600፣ የአዲስ አበባ ሰው በታክሲነት ሰይቼንቶ እያለ የሚያውቃት ዓይነት ማለት ነው፣ ውጤቱን በሊትር ወደ 160 ኪሎ ሜትር አደረሰችው። ከዚያ በላይ ለመሄድ ግን የፋብሪካ መኪናን ማሻሻል በቂ ስላልነበረ፣ ተወዳዳሪዎች ከመሬት ጀምረው የራሳቸውን መሥራት ያዙ። በጃፓን ሆንዳ እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ በራሱ ባለ 50 ሲሲ ሞተር ላይ የተመሠረተ ውድድር ሲያካሂድ፣ ዛሬ «ሼል ኢኮ ማራቶን» የሚባለው የተማሪዎች ውድድር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 በፈረንሳይ ተጀመረ።

የውድድሩ ጥያቄ ቀላል ነው። አንድ የተወሰነ ርቀት፣ ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ በተወሰነ ሰዓት ውስጥ ጨርስ፤ በአማካይ በሰዓት ወደ 25 ኪሎ ሜትር መሄድ ይጠበቅብሃል፤ ስትጨርስ የተጠቀምከው ነዳጅ ይለካል። ቀድሞ መግባት ነጥብ አያስገኝም። የጊዜ ገደቡ ባይኖር ኖሮ ሁሉም በእግረኛ ፍጥነት በሄደ ነበርና፣ ፍጥነቱን ደንቡ ይወስነዋል።

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። አንድ ሊትር ቤንዚን 32 ሚሊዮን ጁል ገደማ ኃይል ይዟል። ትንሽ ሞተር በሚመቸው ሁኔታ ሲሠራ ከዚህ ውስጥ ወደ 20 ወይም 25 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ወደ ሥራ ይለውጣል፤ ቀሪው በጭስ ማውጫውና በሞተሩ አካል በኩል ሙቀት ሆኖ ይባክናል። በሌላ በኩል መኪናዋን ወደ ኋላ የሚይዛት ተቃውሞ በኒውተን ይለካል፤ አንድ ኒውተን ማለት 100 ግራም ገደማ የሚመዝን ዕቃ በእጅ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው። አንድ ኒውተን ተቃውሞን እየገፉ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 1,000 ጁል ይበቃል። ስለዚህ አጠቃላይ ተቃውሞው ስንት ኒውተን እንደሆነ ካወቅን፣ በአንድ ሊትር ስንት ኪሎ ሜትር እንደምንሄድ በማካፈል ብቻ እንደርስበታለን።

ደልዳላ ጎዳና ላይ የሚገጥሙን ተቃውሞዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የጎማ ነው፤ ጎማው መሬት ሲነካ ይጨፈለቃል፣ ሲለቅ ይመለሳል፣ በዚህ መሃል ጥቂት ኃይል ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። የዚህ መጠን ከተሸከመው ክብደት ጋር ይመጣጠናል። ሁለተኛው የአየር ሲሆን፣ የመኪናዋን የፊት ስፋትና ቅርጽ እንዲሁም የፍጥነቱን ካሬ ይከተላል፤ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል።

ለምሳሌ በግቢ ውስጥ የተሠራች፣ ክፉ የማትባል መኪና እንውሰድ። ከነጂዋ ጋር 120 ኪሎ ግራም ትመዝናለች፤ ተራ የብስክሌት ጎማ አላት፤ የአካሏ ቅርጽም መጠነኛ ነው። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ስትሄድ የጎማዎቿ ተቃውሞ ወደ 6 ኒውተን፣ የአየሩ ወደ 4 ኒውተን ይሆናል፤ ድምሩ 10 ኒውተን ገደማ መሆኑ ነው። ሞተሯ 20 በመቶውን ብቻ ይጠቀማል ብንልና በሰንሰለቱና በፍሪሲዮኑ የሚባክነውን አንድ አሥረኛ ብንቀንስ፣ በሊትር ከ550 እስከ 600 ኪሎ ሜትር መሄድ ትችላለች። አሁን ደግሞ ልምድ ያለው ቡድን የሠራትን እንይ፦ ከነጂዋ 90 ኪሎ ግራም፣ ለዚሁ ውድድር ተብሎ የተሠራ ጎማ፣ እንደ ውኃ ጠብታ የተሳለ አካል። የሁለቱ ተቃውሞዎች ድምር 3 ኒውተን እንኳ አይሞላም። በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የምትፈልገው አቅም 20 ዋት ያህል ብቻ ነው፤ ከአንድ የቤት ኤልኢዲ አምፖል ብዙም አይበልጥም። 1,300 ኪሎ ግራም የምትመዝን የቤት መኪና ግን በዚሁ ፍጥነት ለጎማዎቿ ብቻ ከ120 ኒውተን በላይ ትጠይቃለች።

በግቢ የተሠራችው መኪና ባለቤት አሁን ምን ቢያሻሽል ይሻለዋል? ሞተሩን ፈታቶ፣ አስተካክሎና ፈትሾ ከ20 በመቶ ወደ 22 በመቶ ቢያደርሰው፣ ብዙ ወር የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በውጤቱ ላይ የሚጨምርለትም አሥር በመቶ ነው። የጎማውን ተቃውሞ በግማሽ ቢቀንስ ግን አርባ በመቶ ይጨምርለታል። የአየሩን በግማሽ ቢቀንስ ወደ 25 በመቶ ይጨምራል። ከአካሉ 10 ኪሎ ግራም ቢያነሳ ደግሞ አምስት በመቶ ገደማ ያገኛል። በዚህ ምክንያት ከሞተር የሚጀምር ሠሪ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል ብዬ አምናለሁ። ብዙ ወጣቶች ሞተር ሲፈቱ የሚውሉት ሥራው ስለሚያጓጓ ነው፤ ይገባኛል፤ ነገር ግን ከጎሚስታው ዘንድ ያለው ትርፍ ይበልጣል።

ጎማን በተመለከተ ዋናዎቹ ነገሮች ሦስት ናቸው፤ የጎማው ስስነት፣ የአየሩ ግፊትና የጎማዎቹ አቅጣጫ። ጎኑ ስስና ለስላሳ የሆነ ጎማ ሲጨፈለቅ የሚያባክነው ኃይል ትንሽ ነው፤ ወፍራምና ጥርሱ ጎላ ያለ የተራራ ብስክሌት ጎማ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሚሽሊን ለእነዚህ ውድድሮች ብሎ የሠራቸው ጎማዎች ከተራው የብስክሌት ጎማ ብዙ እጥፍ ያነሰ ተቃውሞ አላቸው። እነሱን ማግኘት ያልቻለ ሰው ጥሩ የእሽቅድምድም ብስክሌት ጎማ ገዝቶ፣ አምራቹ ጎኑ ላይ የጻፈውን የግፊት ጣሪያ ሳያልፍ ጠንከር አድርጎ ቢነፋው ርቆ አይቀርም። አስፋልቱ ሻካራ ከሆነ ግን ግፊት ማብዛት መኪናዋን ያንዘፈዝፋታል፤ መንዘፍዘፉም ራሱ ኃይል ይበላል።

የጎማ አቅጣጫ፣ ጋራዦች አላይመንት የሚሉት፣ ብዙ ጥሩ መኪኖችን ሲያዋርድ የኖረ ጉዳይ ስለሆነ በዝርዝር ላስረዳ። ከፊት ያሉት ሁለት ጎማዎች እርስ በርስ ትይዩ መሆን አለባቸው። እያንዳንዱ በአንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ውስጥ ቢያዘነብል፣ ጎማው አንድ ኪሎ ሜትር ሲሄድ ወደ ጎን 17 ሜትር ያህል በመሬት ላይ እየተፋቀ እንደሄደ ይቆጠራል። ይህ ፍትጊያ በደንብ የተሠራችን መኪና ጠቅላላ ተቃውሞ በብዙ ሊጨምረው ይችላል፤ በዓይን ደግሞ አይታይም። መለኪያው ግን ቀላል ነው። መኪናዋን በደልዳላ ወለል ላይ አቁሞ፣ ነጂውን በቦታው አስተኝቶ፣ በሁለቱ ቸርኬዎች መካከል ያለውን ርቀት በመሃል ቁመታቸው ላይ በፊትና በኋላ በኩል መለካት ነው። ከጎማ ጫፍ እስከ ጫፍ 50 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ጎማ ላይ፣ ያ የአንድ ዲግሪ ስህተት በፊትና በኋላ ልኬት መካከል 17 ሚሊ ሜትር ልዩነት ሆኖ ይወጣል። ልዩነቱን ወደ አንድ ሚሊ ሜትር ማውረድ በተራ ሜትርና በመሪው ዘንግ ላይ ባሉት ዳዶዎች የሚቻል ሥራ ነው። ነጂው ሳይገባ መለካት ግን ዋጋ የለውም፤ አካሉ ሲጫን ዘንጎቹ ይለመጣሉ፣ አቅጣጫውም ይለወጣል።

ስለ ኩሽኔታ ደግሞ ብዙ ይወራል። ውድ የሴራሚክ ኩሽኔታ የገዛ ቡድን ለውጡን በውጤቱ ላይ አያየውም፤ ንጹሕና ቀጭን ዘይት የተቀባ መደበኛ ኩሽኔታ የሚያባክነው ከጎማው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ከዚያ ይልቅ ፍሬኑ ሳይያዝ ዲስኩን እንደማይነካ ማረጋገጥ ይሻላል። ጎማውን ከመሬት አንስቶ በእጅ አሽከርክሮ መተው ነው፤ ሊቆም ሲል ወዲያና ወዲህ ተወዛውዞ ከባዱ ጎኑ ከታች ሆኖ ከቆመ ነጻ ነው፣ በድንገት ቀጥ ካለ አንድ የያዘው ነገር አለ።

ሦስት ጎማ፣ ሁለቱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ የተለመደ የሆነበት ምክንያት አለው። አንድ የኋላ ጎማ ብቻ ኃይል ሲቀበል፣ ኃይልን ለሁለት ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል አያስፈልግም፤ ጎማ ሲቀንስ ክብደቱም ፍትጊያውም ይቀንሳል፤ አካሉም ወደ ኋላ እየጠበበ እንዲሄድ ያስችላል። አየር የሚያስቸግረው ከፊት ሲገጥመው ብቻ ሳይሆን በኋላ በኩል ሲለቅም ጭምር ነው። ከኋላ በድንገት የተቆረጠ አካል የተበጠበጠ አየር እየጎተተ ይሄዳል፤ ለዚህ ነው ጥሩዎቹ መኪኖች ፊታቸው ክብ፣ ጅራታቸው ረጅምና ሹል የሚሆነው። ነጂው በጀርባው ተንጋልሎ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ የሚተኛውም የፊት ስፋቱን ለማሳነስ ነው። የሚሽከረከር ጎማ አየሩን ክፉኛ ስለሚያናውጥ ጎማዎቹን በአካሉ ውስጥ መሸፈን ይጠቅማል።

አካሉን ከካርቦን ፋይበር የሚሠሩ አሉ፤ ግን ግዴታ አይደለም። በአሉሚኒየም ቱቦ ሻንሲ ላይ ስስ የፕላስቲክ ሰሌዳ ወይም በፎም ቅርጽ ላይ የተለጠፈ ፋይበር ግላስ በቂ ነው። ላሜራ ከባድ ነው፤ ለዚህ ሥራ አልመክረውም። የመጋጠሚያዎቹን ክፍተት በቴፕ መሸፈን ምንም ወጪ የሌለው፣ ጥቅሙም የሚታይ ሥራ ነው።

አሁን ሞተሩ ዘንድ ደረስን። ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙት ለሣር ማጨጃና ለመሰል መሣሪያ የተሠራ ትንሽ ባለ አራት ምት ሞተር ነው፤ ለምሳሌ ሆንዳ ጂኤክስ 35፣ ይዘቱ ወደ 36 ሲሲ፣ አቅሙ ወደ 1,000 ዋት የሆነው፣ በጣም የታወቀ ነው። እዚህ ላይ አንድ እንቆቅልሽ ይመጣል። መኪናዋ የምትፈልገው ከ20 እስከ 70 ዋት ሲሆን፣ በገበያ ላይ ካሉት ትንሿ ሞተር እንኳ ከዚያ አሥራ አምስትና ሃምሳ እጥፍ ትበልጣለች። ሞተርን በዚህ መጠን ቀስ አድርጎ ማሠራት ደግሞ ከሁሉ የከፋው ነው፤ በሚኒሞ፣ ማለትም በዝቅተኛ ዙር፣ የሚሠራ ሞተር የሚያቃጥለው ቤንዚን አብዛኛው ፒስተኑን፣ ቫልቮቹንና የራሱን ዘይት ለማንቀሳቀስ ብቻ ይውላል፤ ለጎማው የሚተርፈው ኢምንት ነው። ሞተር ከቤንዚኑ የተሻለ ሥራ የሚያወጣው ነዳጅ መስጫው ተከፍቶ፣ በመካከለኛ ዙር፣ በደንብ ተጭኖ ሲሠራ ነው።

መፍትሔው ሞተሩን ሁልጊዜ አለማሠራት ነው። ነጂው ሞተሩን አስነሥቶ መኪናዋን በሰዓት ከ18 ወደ 32 ኪሎ ሜትር በፍጥነት ያደርሳታል፤ ከዚያ ሞተሩን ፈጽሞ ያጠፋና በፎሌ፣ ማለትም በያዘችው ፍጥነት ብቻ እንድትንከባለል፣ ይለቃታል፤ ፍጥነቷ ወደ 18 ሲመለስ ደግሞ ያስነሣል። ከላይ በምሳሌ ባነሣናት የግቢ መኪና ላይ ሞተሩ የሚሠራው አምስት ሰከንድ ያህል ሲሆን፣ መኪናዋ በፎሌ የምትሄደው ከ40 ሰከንድ በላይ፣ 300 ሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ በሠራ ቁጥር በሚመቸው ሁኔታ ሠርቷል፤ ባልሠራበት ጊዜ አንዲት ጠብታ አልፈጀም። የሾፌሮች የቁልቁለት ፎሌ በከተማ መኪና ላይ አደገኛ ልማድ ነው፤ እዚህ ግን በዝግ ጎዳና ላይ የውድድሩ ዋና ዘዴ ሆኖ ተቀምጧል።

ይህ ዘዴ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል። አንደኛ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ከጎማው ሙሉ በሙሉ መለያየት አለበት፤ እንደ ብስክሌት የኋላ ጥርስ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚይዝ ነገር በመካከል ካልገባ፣ ጎማው የቆመውን ሞተር እየጎተተ ያዞራል። ሁለተኛ፣ የማርሽ ምጥነቱ በትክክል መሰላት አለበት። 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎማ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሲሄድ በደቂቃ 265 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ሞተሩ በ4,500 ዙር እንዲሠራ ከተፈለገ በመካከላቸው 17 እጥፍ መቀነሻ ያስፈልጋል፤ ይህም በአንድ ሰንሰለት ስለማይመች በሁለት ደረጃ ይሠራል። ከመሣሪያው ጋር የሚመጣው በዙር ብዛት የሚይዝ ፍሪሲዮን እየተንሸራተተ ከሆነ፣ የሚሞቀው በነዳጃችን ነውና መቀየር ወይም ማጥበቅ ያሻል። ሦስተኛ፣ ሞተሩ በየጊዜው ሲጠፋ እንዳይቀዘቅዝ መሸፈን ይገባል። ቀዝቃዛ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ቤንዚን በከፊል ሳይቃጠል ስለሚወጣ፣ ለሌላ መኪና ማቀዝቀዣ የሚለፋው መካኒክ እዚህ ሙቀት ለመያዝ ይለፋል። ካርቡሬተርን በኤሌክትሮኒክ ነዳጅ መርጫ የሚተኩት ቡድኖች የሚያገኙት ትልቁ ጥቅምም በእያንዳንዱ ማስነሣት ላይ የሚገባው ቤንዚን ልክ መሆኑ ነው።

በአዲስ አበባ ወይም በሌላ ደጋ ከተማ ለሚሞክር ሰው አንድ ነገር ልጨምር። በ2,300 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። ይህ የአየር ተቃውሞውን በዚያው መጠን ስለሚቀንስ ለመኪናዋ በጎ ነው። ነገር ግን በቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡሬተር ለስስ አየር የሚበዛ ቤንዚን ይሰጣል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ይህ እየሆነ ነው ማለት ነውና የቤንዚን ማስተላለፊያ ቀዳዳው በአነስተኛ መቀየር አለበት።

መኪናዋ ምን ያህል እንደደረሰች ለማወቅ ነዳጅ መለካት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ከነዳጅ ልኬት ይልቅ የምተማመነው በማንከባለል ሙከራ ነው። ነፋስ በሌለበት ማለዳ፣ ደልዳላና ዝግ ቦታ ላይ፣ ሞተሩ ጠፍቶ መኪናዋ ከ25 ወደ 20 ኪሎ ሜትር በሰዓት እስክትወርድ የሚፈጀውን ጊዜ በሰዓት መያዝ ነው፤ ከዚያ ቁልቁለቱ እንዳያሳስት በተመሳሳይ መንገድ ወደ ኋላ ተመልሶ መድገምና ሁለቱን ማማከል። የግቢዋ መኪና በዚህ ሙከራ 18 ሰከንድ ያህል ትቆያለች፤ ልምድ ያለው ቡድን የሠራት ግን ወደ 48 ሰከንድ ትቆያለች። አላይመንቱን አስተካክሎ፣ ጎማ ቀይሮ፣ ክፍተት ሸፍኖ በየጊዜው ይህን ሙከራ የሚደግም ሠሪ፣ የትኛው ሥራ እንደጠቀመው በሰከንድ ያየዋል። በአንድ ጊዜ ግን አንድ ነገር ብቻ ይቀይር፤ ሦስት ነገር አብሮ የቀየረ ሰው የትኛው እንደሠራለት አያውቅም።

ቅለትን ፍለጋ ደኅንነትን እንዳያስረሳ የውድድር ደንቦች ጠበቅ ያሉ ናቸው። በሼል ኢኮ ማራቶን ደንብ የዚህ ዓይነት መኪና ከፍታዋ ከ100 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቷ ከ350 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ያለ ነጂ ከ140 ኪሎ ግራም አይበልጥም፤ ነጂው ቢያንስ 50 ኪሎ ግራም መሆን አለበት፣ ካነሰ ማካካሻ ክብደት ይጫንበታል። ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ፍሬኖች፣ ከነጂው ራስ በላይ የሚያልፍ መከላከያ ቅስት፣ በሞተሩና በነጂው መካከል እሳት የሚያግድ ግድግዳ ያስፈልጋል፤ ነጂውም ያለ ሰው እርዳታ በ10 ሰከንድ ውስጥ መውጣት መቻል አለበት። የመገልበጥ አደጋው እውነተኛ ነው። የፊት ጎማዎቿ 60 ሴንቲ ሜትር የተራራቁ፣ የክብደቷ ማዕከል በ30 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ከክብደቷ ሁለት ሦስተኛው በፊት ጎማዎች ላይ ያረፈ መኪና 8 ሜትር ሬዲየስ ባለው ኩርባ ላይ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትደርስ የውስጠኛው ጎማዋ ከመሬት ይነሣል። ስለዚህ ነጂውን ይበልጥ ዝቅ ማድረግና ጎማዎቹን ማራራቅ ለአየሩ ጥቂት ቢያስከፍልም መከፈል ያለበት ዋጋ ነው። እንዲህ ዝቅ ያለችን መኪና በመደበኛ መንገድ ላይ መንዳት ደግሞ ፈጽሞ አይገባም፤ የጭነት መኪና ሾፌር ከመሪው ላይ ሆኖ አያያትም።

የመጨረሻው ሥራ የነዳጁ ልኬት ነው፤ ልፋቱ ሁሉ እዚህ ላይ ሊበላሽ ይችላል። 16 ኪሎ ሜትር ለመሄድ የግቢዋ መኪና 28 ሲሲ ገደማ ቤንዚን ትፈጃለች፤ በሊትር 2,000 ኪሎ ሜትር የምትሄደው ደግሞ 8 ሲሲ ብቻ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ። ስለዚህ ታንከሩ ከመስታወት የተሠራ ቀጭን ቱቦ ሲሆን፣ ከመነሣት በፊት እስከ ምልክቱ ይሞላል፤ ከውድድሩ በኋላ እስከዚያው ምልክት ድረስ እንደገና ይሞላና የተጨመረው ይለካል። በቱቦው ውስጥ ግማሽ ሲሲ የምታህል የአየር አረፋ ተደብቃ ከነበረና በመንገድ ላይ ከወጣች፣ የሁለተኛዋን መኪና ውጤት ስድስት በመቶ ታዛባዋለች። ቤንዚን ሲሞቅ ስለሚሰፋም፣ በሥርዓቱ ውስጥ ያለው 100 ሲሲ ቤንዚን በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢሞቅ አንድ ሲሲ ገደማ ይጨምራል፤ ለዚህ ሲባል የቤንዚኑ ሙቀት ከመነሣት በፊትና ከደረሱ በኋላ ተለክቶ ውጤቱ ወደ 15 ዲግሪ ይመነዘራል። ቡድኑ ማድረግ የሚችለው ማስተላለፊያ ቱቦዎቹን አጭርና በዓይን የሚያሳዩ ማድረግ፣ ከሞተሩ ሙቀት ማራቅ፣ ወደ ላይ ቆልመም ብለው አረፋ የሚይዙበትን ቦታ ማስወገድና ከመነሣት በፊት ቱቦውን በጣት እየነካኩ አረፋ ማስወጣት ነው። ለእያንዳንዱ ቡድን ከአንድ በላይ ሙከራ ስለሚፈቀድና የሚያዘውም ምርጡ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ላይ ሰዓቱን በምቾት ጠብቆ ትክክለኛ ውጤት ማስመዝገብ፣ የፍጥነቱን ወሰን ማጥበብና ሞተሩን የማስነሣት ድግግሞሽን መቀነስ ደግሞ ለቀጣዮቹ ማቆየት ነው።